ኮምፒውተሩ አልሞተም፣ አስተካካይ አጣ እንጂ

ድሬዳዋ ውስጥ ኮምፒውተር በቀላሉ ይሞታል። አሮጌ ላፕቶፕ ይዞ ታይዋን ገበያ ወደሚገኝ የጥገና ሱቅ የገባ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰማው ፍርድ አጭር ነው፦ «አቦ፣ ይቺማ አልቆላታል፤ አዲስ ግዛ።» ባለሙያው ክዳኑን አልፈታም። ራሙ ስንት ጊጋ እንደሆነ አልጠየቀም። ሃርድ ዲስኩ ጤነኛ ይሁን የታመመ አልመረመረም። ያየው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ዊንዶውስ ለመነሳት ደቂቃዎች ይፈጃል፣ ከተነሳም በኋላ ሀንግ ያደርጋል። በዚህ ማስረጃ ብቻ የሞት ፍርድ ይተላለፋል።

መሥሪያ ቤት ሲኬድም ነገሩ ያው ነው። የዘገየ ኮምፒውተር ወደ ግምጃ ቤት ይወርዳል። «ከአገልግሎት ውጭ» ተብሎ ይመዘገባል። እዚያ አቧራ ሲጠጣ ይከርምና የንብረት ማስወገጃ ኮሚቴ እስኪሰበሰብ ይጠብቃል። ከግምጃ ቤቱ ጥቂት መንገድ ራቅ ብሎ ደግሞ አራት ተማሪ ለአንድ ኮምፒውተር የሚሻማበት ክፍል አለ።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው። የከበደው ሶፍትዌሩ ነው፤ የሚመታው ግን ብረቱ ነው።

አሁን ለምን አንገብጋቢ ሆነ?

ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ አቆመ። ለአንድ ዓመት የሚዘልቅ የደህንነት ማራዘሚያ ቢኖርም፣ የኩባንያው ምክር ግልጽ ነው፦ ወደ ዊንዶውስ 11 እለፉ። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቢያንስ 4 ጊጋ ራም፣ 64 ጊጋ ማከማቻ፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ እና በተፈቀዱ ፕሮሰሰሮች ዝርዝር ውስጥ መገኘትን ይጠይቃል። በኢንቴል በኩል ዝርዝሩ የሚጀምረው በጥቅሉ ከ8ኛው ትውልድ ነው። ይህም ማለት እ.ኤ.አ. ከ2018 በፊት የተሠሩት አብዛኞቹ ማሽኖች፣ ምንም ጤነኛ ቢሆኑ፣ በወረቀት ላይ ሞተዋል ማለት ነው። በድሬዳዋ ጽሕፈትና ኮፒ ቤቶች፣ በኢንተርኔት ቤቶችና በትምህርት ቤት ቤተ ሙከራዎች የሚታዩት የዴል፣ የኤችፒና የቶሺባ ማሽኖች ብዙዎቹ የዚህ ዘመን ናቸው።

«አዲስ ግዛ» የሚለው ምክር በሌላ ሀገር ቀላል ሊሆን ይችላል። እዚህ ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ገበያው ከተለቀቀ ወዲህ፣ በባንክ ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከ100 ብር በላይ ወጥቷል። ላፕቶፕ በብር አይመረትም። የኮፒ ቤት ባለቤት የገጽ ዋጋውን በእጥፍ ቢጨምር ደንበኛው ይሸሻል፤ ማሽኑን ለመተካት የሚያስፈልገው ብር ግን በእጥፍ ጨምሯል።

በሌላ በኩል ሀገሪቱ ኮምፒውተር ከሚችል ሰው የምትጠብቀው ነገር በየዓመቱ እያደገ ነው። የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በኮምፒውተር ይሰጣል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል በኦንላይን መሰጠት ጀምሯል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» የሚል ሀገራዊ የሥልጠና ዕቅድ ይፋ ሆነ። ጥሩ ነው። ነገር ግን ኮደር የሚሆነው ልጅ የሚቀመጥበት ማሽን የት አለ? ግምጃ ቤት ውስጥ አለ። ተቆልፎበት።

ክብደቱ ከየት ይመጣል?

ሰው ኮምፒውተር ሲከፍት የሚያየው ዴስክቶፕ አንድ ወጥ ነገር ይመስለዋል። አይደለም። በሊኑክስ ላይ ነገሩ በግልጽ ይለያያል። ከታች ሃርድዌሩን የሚያዝዘው ከርነል አለ። በላዩ ምስል ወደ ስክሪን የሚያወጣው ክፍል አለ። ከዚያ ዊንዶው ማናጀር ይመጣል። የዚህ ሥራ ቀላል ነው፦ ለእያንዳንዱ መስኮት ፍሬም ይሠራል፣ ርዕስ ይጽፍበታል፣ መዝጊያና ማሳነሻ ያደርግለታል፣ ሲጎተት ያንቀሳቅሰዋል፣ የትኛው ከፊት የትኛው ከኋላ እንደሆነ ይወስናል።

እንደ ግኖም ያሉ ትላልቅ ዴስክቶፖች በዚህ ላይ ብዙ ነገር ይደርባሉ። ፋይሎችን ከጀርባ ሆኖ የሚያገላብጥ መፈለጊያ፣ ካላንደር፣ ማሳወቂያ፣ የሶፍትዌር መደብር፣ መስኮት ሲከፈትና ሲዘጋ የሚታይ እንቅስቃሴ አለ። 16 ጊጋ ራም ላለው ሰው ይህ ምቾት ነው። 2 ጊጋ ራም ላለው ማሽን ግን ገና ምንም ሥራ ሳይጀመር ግማሽ ያህሉን ወይም ከዚያ በላይ የሚበላ እንግዳ ነው። ራሙ ሲያልቅ ማሽኑ ወደ ሃርድ ዲስክ ይዞራል። አሮጌ ሃርድ ዲስክ ደግሞ ከራም ጋር ሲነጻጸር ኤሊ ነው። «ሀንግ አደረገ» የሚባለው ይህ ነው።

ቀላል ዊንዶው ማናጀር ይህን ድርብርብ ይጥለዋል። ለምሳሌ አይስደብሊውኤም የተባለውን ማርኮ ማቼክ የተባለ ፕሮግራመር እ.ኤ.አ. በ1997 ጀመረው፤ እስከ ዛሬም ይታደሳል። የራሱ የራም ፍጆታ በጥቂት አስር ሜጋባይቶች የሚቆጠር ነው። ከታች የሥራ አሞሌ አለው፣ በግራ ጥግ ሜኑ አለው፣ በቀኝ ሰዓት አለው። ዊንዶውስ 95ን ወይም ኤክስፒን የነካ ሰው ያለ አስተማሪ ይጠቀምበታል። ኦፕንቦክስ፣ ፍላክስቦክስና ጄደብሊውኤምም በዚሁ መንደር ያሉ ናቸው። በደቢያን ላይ የተመሠረተው አንቲኤክስ የሚባለው ሥርዓት ደግሞ አይስደብሊውኤምን ይዞ የሚመጣ ሲሆን፣ የሚጠይቀው ዝቅተኛ ራም 512 ሜጋባይት ነው። ግምጃ ቤት ውስጥ ካሉት ማሽኖች ስንቶቹ ከዚህ ያንሳሉ?

የድሬ ሙቀትም እዚህ ላይ ይገባል። በግንቦትና በሰኔ ፋኑ በአቧራ የታፈነ ላፕቶፕ ያለ ምንም ሥራ ይግላል። ለጌጥ ሲባል ፕሮሰሰሩን የሚያሯሩጥ ዴስክቶፕ በዚያ ላይ ሲጨመር ማሽኑ ራሱን ለማዳን ይቀዘቅዛል፣ ወይም ይጠፋል። ፋኑ ይጠረግ፣ ፔስቱ ይቀየር፣ ዴስክቶፑም ይቅለል። ሦስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው ጥገና የሚባለው።

የልጆቹ ጥፋት

እስከዚህ ድረስ የሊኑክስ ወዳጆች እያጨበጨቡ ይሆናል። ማጨብጨቡ ይቆየን። የበደሉ ግማሽ የእነርሱ ነውና።

በየዩኒቨርሲቲው፣ ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲንም ጨምሮ፣ ሊኑክስ የሚወዱ ጎበዝ ተማሪዎች አሉ። ቀላል ዊንዶው ማናጀር ምን እንደሆነ ያውቃሉ። አንዳንዶቹ አይ3 ወይም ዲደብሊውኤም ይጠቀማሉ፤ መስኮቶቹ ራሳቸው ስክሪኑን የሚካፈሉበት፣ ሁሉም በኪቦርድ የሚታዘዝበት ዓይነት ነው። ግልጽ የሆነ ተርሚናል፣ ከጀርባው የካርቱን ሥዕል፣ ጥግ ላይ የፕሮሰሰሩ ሙቀት። ስክሪን ሾት ይነሳል፣ ቴሌግራም ላይ ይለጠፋል፣ ልብና እሳት ይዘንብበታል። በማግስቱ ቀለሙ ይቀየርና እንደገና ይለጠፋል።

መማር ነውር አይደለም። ከእነዚህ ሰዓታት የሚገኝ እውቀት እውነተኛ ነው። ግን ለማን ዋለ? ዲደብሊውኤም የሚስተካከለው የፕሮግራሙን ኮድ ራሱን በመቀየር ነው፤ ሠሪዎቹም ይህ የተጠቃሚውን ቁጥር አነስተኛና የተመረጠ እንደሚያደርገው በገጻቸው ላይ ሳይደብቁ ጽፈውታል። የእነርሱ ምርጫ ነው፣ መብታቸው ነው። ይህን መንፈስ እንዳለ ተቀብሎ ድሬዳዋ ላይ መትከል ግን ሌላ ነገር ነው። ፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ የምትተይብ ሴት የተመረጡት ማኅበር አባል መሆን አትፈልግም። የምትፈልገው ማሽኑ እንዲነሳ፣ አማርኛ እንዲጽፍ፣ ወረቀቱ እንዲወጣ ነው።

ልጆቹ አንዳንዴ ደግ ይሆኑና የሰፈር ኮፒ ቤት ማሽን ላይ ሊኑክስ ይጭናሉ። ተጭኖ ሲያልቅ ማሽኑ እንደ ንፋስ ይከፈታል። ልጁ ይመረቃል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ይሄዳል። ከሰዓት በኋላ ጸሐፊዋ ደብዳቤ ልትጽፍ ትቀመጣለች። አማርኛ የለም። ፕሪንተሩ አይታይም። የጽሑፉ መጠን ጉንዳን ያክላል። ፍላሽ ስትሰካ ምንም አይመጣም። በሦስተኛው ቀን ሌላ ባለሙያ ተጠርቶ ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ ይጭናል። ከዚያ ወዲያ በዚያ ሰፈር «ሊኑክስ ተሞክሮ አልሠራም» የሚል ታሪክ ለአሥር ዓመት ይነገራል።

ሊኑክሱ ሠርቷል። ያልሠራው ሰውየው ነው። ዊንዶው ማናጀር ቀላል የሆነው ብዙ ነገር ስለተወ ነው። የተወውን ነገር አንድ ሰው ቁጭ ብሎ መሙላት አለበት። ይህ ማስተካከል የሚባለው ሥራ ነው፤ መጫኑ የአንድ ሰዓት ነገር ነው፣ ማስተካከሉ ግን ሙያ ነው።

ማስተካከል ማለት ምን ማለት ነው?

አማርኛውን እንውሰድ። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ ዳንኤል ያዕቆብን የመሳሰሉ ባለሙያዎች ለዚህ ብዙ ደክመዋል። በእንግሊዝኛ ኪቦርድ በድምፅ አማርኛ የሚጻፍበት «ሴራ» የሚባል ዘዴ (ስሙ ቢያስቅም) በሊኑክስ ላይ አለ። እንደ አቢሲኒካ ያሉ ነፃ ፎንቶችም አሉ። ዕቃው ሁሉ ተሟልቷል። በግኖም ላይ የቋንቋ መቀያየሪያው ከዴስክቶፑ ጋር ራሱ ይነሳል። በአይስደብሊውኤም ላይ ግን ማንም አይቀሰቅሰውም። አይባስ የሚባለውን የመተየቢያ ፕሮግራም «ስታርትአፕ» በሚባለው ፋይል ውስጥ አንድ መስመር ጽፎ ማስነሳት ያስፈልጋል። ሌሎች ፕሮግራሞች እንዲያውቁትም ሁለት ሦስት መስመር ይጨመራል። ከዚያ ለፋይሉ የመሮጥ ፈቃድ መስጠት ያስፈልጋል። ይህች ፈቃድ ከተረሳች ፋይሉ በትክክል ቢጻፍም ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ስህተት እንኳ አይናገርም። ስንት «አማርኛ አይሠራም» የተባለ ማሽን በዚህች ፈቃድ ምክንያት ተጥሏል!

ቀጥሎ ሜኑው አለ። የአይስደብሊውኤም ሜኑ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። በእያንዳንዱ መስመር የፕሮግራሙ መጠሪያ፣ ሥዕሉና ትዕዛዙ ይጻፋል። መጠሪያው በማንኛውም ቋንቋ ሊሆን ይችላል። «ደብዳቤ መጻፊያ»፣ «ኢንተርኔት»፣ «ፍላሽ መክፈቻ»፣ «ማሽኑን ማጥፊያ» ብሎ መጻፍ የአንድ ሻይ ሥራ ነው። ድሬዳዋ ደግሞ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ በአንድ መንገድ ላይ የሚነገርባት ከተማ ናት። አንድ ማሽን ላይ ሦስት ተጠቃሚ ከፍቶ ለእያንዳንዱ በቋንቋው ሜኑ መስጠት ይቻላል። ሦስት ፋይል ነው። ይህን ለማድረግ የማንም ኩባንያ ፈቃድ አያስፈልግም፤ ማንም ኩባንያም ለድሬ ብሎ አያደርገውም።

«ፕሪፈረንስስ» የሚባለው ፋይል ደግሞ አለ። የርዕሱ ፊደል መጠን ዓይን ለደከመው ሰው ይተለቃል። ከአራት የሥራ ገጽ ሁለቱ ይነሳሉ፤ ጀማሪ በስህተት ወደ ሌላ ገጽ ሲሄድ «ሥራዬ ጠፋ» ብሎ ይደነግጣልና። «ኪይስ» በሚባለው ፋይል ለምሳሌ የኤፍ9 ቁልፍ ደብዳቤ መጻፊያውን እንዲከፍት ይደረጋል። ጭብጡ ፎንት ከሌለው አማርኛው በርዕሱ ላይ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይታያልና እርሱም ይስተካከላል። የሊብረኦፊስ የራስ ገዝ ማስቀመጫ ከአሥር ደቂቃ ወደ ሁለት ደቂቃ ዝቅ ይላል፤ መብራት በሚሄድበት ከተማ አሥር ደቂቃ ረጅም ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣው ነገር ግን ዋናው ነው። እነዚህ ፋይሎች በአንድ ፎልደር ውስጥ ናቸው፣ ክብደታቸውም ኢምንት ነው። አንድ ባለሙያ አንዱን ማሽን በደንብ ካስተካከለ፣ ፎልደሩን በፍላሽ ገልብጦ ሃያውን ማሽን ሊያስተካክል ይችላል። ሥርዓቱም አንድ ጊዜ ከወረደ በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ በሕጋዊ መንገድ ይዞራል። የትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ በአንድ ቅዳሜና እሁድ ይነሳል። የሚከፈለው ለሰው ሙያ ነው እንጂ ለፈቃድ አይደለም። ብሩ ድሬ ውስጥ ይቀራል።

ከተማዋ ይህን ሥራ ታውቀዋለች

አሮጌ ማሽን ተንከባክቦ ማቆየት ለድሬዳዋ እንግዳ ሙያ አይደለም። ከተማዋ ራሷ የተወለደችው ከማሽን ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ 1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ድሬዳዋ ከተማ ሆነች። አዲስ አበባ የደረሰው ከዚያ ወዲያ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። የምድር ባቡሩ ትልቅ ወርክሾፕም እዚሁ ተተከለ። በዚያ ወርክሾፕ ውስጥ የነበሩ ሠራተኞች መለዋወጫ ከባሕር ማዶ እስኪመጣ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በቶርኖ አወጡ፣ በየዱ፣ ከአንዱ ነቅለው ለሌላው ገጠሙ። ማሽኑን ያወቁት በስሙና በባሕርዩ ነበር። መስመሩ በኋላ የተዳከመው የእነርሱ እጅ ስለሰነፈ አልነበረም።

ያ ትውልድ ዛሬ ባሉት የኮምፒውተር ጥገና ሱቆች ቢገባ ምን ይል ነበር? ክዳን ሳይፈታ «አልቆላታል» የሚል ሰው ባለሙያ ሊባል ይችላል ወይ? ፎርማት አድርጎ ያንኑ ከባድ ሶፍትዌር መልሶ መጫን ጥገና አይደለም። የታመመውን ሰው ልብስ ቀይሮ ወደ ቤቱ መላክ ነው።

የተቃዋሚዎች እውነት

ይህን ሐሳብ የሚቃወሙ ሰዎች ባዶ እጃቸውን አይደሉም፤ የያዙት እውነት መሰማት አለበት።

አንደኛ፣ ፒችትሪ። የሂሳብ ሠራተኛው መዝገቡን በፒችትሪ የሚይዝ ከሆነ ማሽኑን ወደ ሊኑክስ ማዞር ጉዳት ነው። የእርሱ ማሽን ይቅር። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ግን ሁሉም ሰው ሂሳብ ሠራተኛ አይደለም። ደብዳቤ ጸሐፊው፣ መዝገብ ቤቱ፣ ቤተ ሙከራው፣ ቤተ መጻሕፍቱ ፒችትሪ አያስፈልጋቸውም።

ሁለተኛ፣ የድሮ ሰነዶች። ዩኒኮድ ከመለመዱ በፊት በቪዥዋል ግዕዝና በመሰሎቹ የተጻፉ ፋይሎች ያለ ዋናው ፎንት ሲከፈቱ ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናሉ። ይህ እውነተኛ ችግር ነው፤ ግን የሊኑክስ ችግር አይደለም። ፎንቱ የሌለው አዲስ ዊንዶውስ 11 ላይም ያው ነው። መፍትሔው ሰነዶቹን ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ነው፣ እርሱም ዛሬ ካልተጀመረ ነገ ይብሳል።

ሦስተኛ፣ ፕሪንተር። የብዙ ኤችፒ ፕሪንተሮች ነገር ቀላል ነው። አንዳንድ የካነን ኤልቢፒ አነስተኛ ፕሪንተሮች ግን በሊኑክስ ላይ ያስቸግራሉ። ስለዚህ ኮፒ ቤት ውስጥ ምንም ነገር ከመነካቱ በፊት መጀመሪያ ፕሪንተሩ ይሞከር። ይህን ሳያደርግ የሚጭን ልጅ ከላይ የተወቀሰው ልጅ ነው።

አራተኛ፣ ብራውዘር። እዚህ ላይ የቀላል ዊንዶው ማናጀር ወዳጆች ብዙ ጊዜ ያጋንናሉ። ዴስክቶፑ ምንም ቢቀልል ፋየርፎክስ ወይም ክሮም አይቀልም። ዩቲዩብና ፌስቡክ በአንድ ላይ ከተከፈቱ የ1 ጊጋ ማሽን ይንበረከካል። ዊንዶው ማናጀር የሚሰጠው በሌላ ነገር ይባክን የነበረውን ራም ነው፤ ተአምር አይሠራም። ስለዚህ ለኢንተርኔት የሚውል ማሽን ቢቻል ራሙ ወደ 4 ጊጋ ይደግ፣ ሃርድ ዲስኩም በኤስኤስዲ ይተካ። የዚህ ወጪ ከአዲስ ላፕቶፕ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። 1 ጊጋ ብቻ ያለው ደግሞ ለትየባና ለልምምድ ይዋል።

አምስተኛ፣ በእውነት የሞቱም አሉ። ዋናው ቦርድ የተቃጠለ፣ ስክሪኑ የተሰበረ ማሽን ሬሳ ነው። በጣም የቆዩት ባለ 32 ቢት ማሽኖችም መንገዳቸው እየጠበበ ነው፤ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2025 የወጣው ደቢያን 13 ለእነርሱ መጫኛ ማዘጋጀት አቁሟል። የሞተውን ቀብሮ፣ መለዋወጫውን አውጥቶ፣ በሕይወት ያለውን ማዳን ነው ሥራው። ችግሩ አሁን ሁለቱም በአንድ ጉድጓድ መቀበራቸው ነው።

ከዚህ በፊት የታየ ትምህርት

ቀላል ሶፍትዌር ብቻውን እንደማያድን ሀገሪቱ አንድ ጊዜ አይታለች። እ.ኤ.አ. ከ2008 አካባቢ ጀምሮ «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» በሚለው ፕሮጀክት በሺዎች የሚቆጠሩ አረንጓዴና ነጭ ትንንሽ ላፕቶፖች ለኢትዮጵያ ተማሪዎች ተሰጥተው ነበር። የመጀመሪያዎቹ 256 ሜጋባይት ራም ብቻ ነበራቸው፤ በውስጣቸውም ማችቦክስ የሚባል ቀላል ዊንዶው ማናጀር ይሠራ ነበር። ማሽኑ ቀላል ነበር፣ ሶፍትዌሩም ነፃ ነበር። ፕሮጀክቱ ግን አልዘለቀም። ላፕቶፕ ከውጭ ይመጣል፤ ሲበላሽ የሚጠግነው፣ ሲዘገይ የሚያስተካክለው፣ ለመምህሩ የሚያስረዳው ሰው ግን በዕርዳታ ዕቃ ውስጥ ታሽጎ አይመጣም። እርሱ ከዚሁ መውጣት አለበት።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

መሥሪያ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች ማንኛውንም ኮምፒውተር «ከአገልግሎት ውጭ» ብለው ከመፈረማቸው በፊት አንድ ፈተና ይስጡት። አንቲኤክስን የመሰለ ሥርዓት ሃርድ ዲስኩን ሳይነካ ከፍላሽ ላይ ይነሳል። ፍላሹ ይሰካ፣ ማሽኑ ይነሳ፣ አንድ ገጽ ይተየብ፣ ፕሪንተር ይሞከር። ግማሽ ሰዓት ነው። ይህን ፈተና የወደቀ ይወገድ። ያለፈ ማሽን ግምጃ ቤት ከገባ ግን ፈራሚው ይጠየቅ።

የጥገና ባለሙያዎች «አዲስ ግዛ» የሚለውን ቃል የመጨረሻ ያድርጉት። ማስተካከል ገቢ ነው። ደንበኛው አዲስ ላፕቶፕ የሚገዛው ከነጋዴ ነው፤ ማስተካከያ የሚከፍለው ግን ለባለሙያው ነው። በገዛ እጁ ገበያውን የሚዘጋ ባለሙያ የትም አይታይም።

የኮምፒውተር ማሠልጠኛዎች ተማሪን አዶ መጫን ብቻ አስተምረው ሰርተፍኬት መስጠታቸውን ይተዉ። አንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል ከፍቶ፣ ቀይሮ፣ ውጤቱን ማየት የኮምፒውተር ትምህርት ሀሁ ነው። የአይስደብሊውኤም ሜኑ ለዚህ የተመቸ የመጀመሪያ ትምህርት ነው፤ ተማሪው አንድ መስመር ይጽፋል፣ ሜኑው ላይ የራሱ ቃል ይወጣል። ኮደር የሚሆነው ልጅ ከዚያች ቀን ይጀምራል።

ስክሪን ሾት የሚለጥፉት ልጆች ደግሞ አንድ ቅዳሜ ይስጡ። የሚያውቁትን ሁሉ ይዘው ወደ አንድ ኮፒ ቤት ይግቡ። ጸሐፊዋን ምን እንደምትሠራ መጀመሪያ ይጠይቁ፣ ፕሪንተሩን ይሞክሩ፣ ስታርትአፑን ይጻፉ፣ ፈቃዱን ይስጡ፣ ሜኑውን በቋንቋዋ ያድርጉ፣ ከዚያም በሳምንቱ ተመልሰው ምን እንደተበላሸ ይስሙ። ከፈለጉ ያን ጊዜ ስክሪን ሾት ያንሱ። ቀለሙ ላያምር ይችላል። ግን እዚያ ስክሪን ላይ ማመልከቻ ይጻፋል፣ ሰውም የጻፈበትን ይከፍላል።

ቀላል ዊንዶው ማናጀር ድህነትን ማስዋቢያ አይደለም፣ የጎበዞች ማኅበር መለያም አይደለም። መሣሪያ ነው። እንደ ቶርኖው ሁሉ ዋጋው በሚይዘው እጅ ይለካል። ድሬዳዋ ማሽን አላጣችም። ያጣችው ቁጭ ብሎ የሚያስተካክል እጅ ነው፣ እርሱም ከዚችው ከተማ ሰፈሮች ውስጥ አለ።

ያንብቡ፣ የጥገና ሱቅ ላለው ወዳጅዎም ያጋሩ።